የአንጓ ቢላዋ፤ ከማጂ ቆላ ስለሚገኝ አንድ ዕቃ አሰያየም

1. የጉዳዩ መነሻ

አማርኛ የስለት ስም የጎደለው ቋንቋ አይደለም። ቢላዋ፣ ካራ፣ ጩቤ፣ ሰንጢ፣ ምላጭ፣ ማጭድ፣ ገጀራ፣ ጎራዴ፣ ሻሞላ፣ ሾተል፣ ሰይፍ እያልን ብንቆጥር ዝርዝሩ በቀላሉ አያልቅም። እያንዳንዱም ስም የራሱ ቦታ አለው። በቴፒና በቤበቃ የቡና ጫካ ምንጣሮ የሚመነጥር ሰው ገጀራ ይይዛል እንጂ ካራ አይይዝም፤ ሥጋ የሚዘለዝልም ሰው ካራ ይስላል እንጂ ጎራዴ አይስልም። ይህን ልዩነት ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሳይማር ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ከማጂ ደጋ ቁልቁል ወደ ኪቢሽና ወደ ኦሞ ወንዝ ቆላ ሲወረድ፣ ከተቈጠሩት ስሞች አንዱም በትክክል የማይገጥመው ስለት አለ። ይኸውም እንደ አምባር በእጅ አንጓ ላይ የሚጠለቅ፣ ውጫዊ ዙሪያው የተሳለ ክብ የብረት ቢላዋ ነው። ይህ ዕቃ በአማርኛ ምን ተብሎ ይጠራ? ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጥያቄው ጥቂት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን አንድን ዕቃ ከባለቤቱ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ የማሸጋገር ሥራ ያለበት ችግር ሁሉ በዚህ በአንድ ስለት ላይ ተሰብስቦ ስለሚገኝ፣ ከነታሪኩ መመርመሩ ለተርጓሚም ሆነ ለቋንቋ ተመራማሪ የሚጠቅም መስሎ ይታያል።

2. ዕቃውና ባለቤቶቹ

የአንጓ ቢላዋ ከአንድ የብረት ዝርግ የሚሠራ ነው። መካከሉ ለእጅ አንጓ የሚበቃ ቀዳዳ አለው፤ ክቡም በአንድ በኩል ተከፍቶ ስለሚቀር በዚያ ክፍተት እጅ ይገባና ብረቱ በአንጓው ልክ ይጠበቃል። የውስጡ ጠርዝ ቆዳ እንዳይጎዳ የደነዘ ሲሆን የውጭው ጠርዝ ግን ስል ነው። ሰላም በሆነ ጊዜ የውጩ ስለት ዙሪያውን በቆዳ ጥብጣብ ይሸፈናል። ሥጋ መቁረጥ፣ ጠፍር መሰንጠቅ ወይም ጠብ ሲመጣ ቆዳው ይገፈፍና ስለቱ ይገለጣል።

የዕቃው ጥበብ ያለው ሁለቱንም እጆች ነጻ በማድረጉ ነው። ከብት ጠባቂ አርብቶ አደር በአንድ እጁ ጦር፣ በሌላው በትር ይይዛል። ቢላዋ በወገቡ ቢታጠቅ ለመምዘዝ ከያዘው አንዱን መጣል ይኖርበታል። በአንጓው ቢያጠልቀው ግን ጦሩንም በትሩንም ሳይለቅ ስለቱ ከእጁ ጋር አብሮት ይሄዳል። በዚሁ አካባቢ ባሉ አርብቶ አደሮች ዘንድ ከዚህ የሚያንስ፣ በጣት እንደ ቀለበት የሚገባና ሥጋ ለመቁረጥ የሚያገለግል ቆልማማ ስለትም ይታወቃል።

ይህን ዓይነት ቢላዋ የሚያውቁት ሕዝቦች በአንድ አገር ወሰን የተከለሉ አይደሉም። በኬንያ ቱርካናዎች፣ በደቡብ ሱዳን ቶፖሳዎች፣ በኡጋንዳ ካራሞጆንጎች፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በኦሞና በኪቢሽ የሚኖሩት ኛንጋቶሞች የዚህ ባህል ተካፋዮች ናቸው። አራቱም የሚናገሩት በምሥራቅ ናይሎታዊ ቋንቋዎች ውስጥ እጅግ የሚቀራረቡ ልሳናትን ነው። ከነርሱ ውጭም በደቡብ ሱዳን እንደ ላሪም ባሉ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ዘንድ ዕቃው የተለመደ ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ የሚገኘው የፒት ሪቨርስ ቤተ መዘክር ከዚያ አካባቢ የተሰበሰቡ የአንጓ ቢላዋዎች አሉት። በጥናት ጽሑፎች ይበልጥ የታወቀው ስሙ ቱርካናዎች የሚጠሩበት «አባራይት» የሚለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዕቃውን «የማጂ ቢላዋ» ብሎ መሰየም ለጆሮ ይቀላል፤ ለዕውቀት ግን አይበጅም። በቋንቋ ጥናት «ማጂ» የሚለው ስም የዲዚን፣ የሸኮንና የናይን ቋንቋዎች የሚያጠቃልል የኦሞአዊ ቡድን መጠሪያ ነው። የዲዚ ሕዝብ የደጋ ገበሬ ነው። ሱሪና ሜኤን ደግሞ በሱርማዊ ቅርንጫፍ በኩል ወደ ናይሎ-ሰሐራዊ ቤተሰብ ይመደባሉ፤ ኛንጋቶምም ከሁለቱ ይለያል። ስለሆነም በከተማዪቱ ስም የተጠራ ዕቃ የሌላውን ንብረት ለዲዚ ሊሰጥ ይችላል። በገበያ ቦታ ስም ዕቃን መጥራት ነጋዴን አያሳስተውም፤ የመዝገበ ቃላትን አንባቢ ግን ያሳስታል።

3. ሁለት ታሪኮች ያልተገናኙበት ዘመን

ይህ ዕቃ የአማርኛ ስም ያጣበት ምክንያት የቋንቋው ድኽነት ሳይሆን የዘመን ቅደም ተከተል ነው። የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሥራ የተጀመረው ማጂ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ከመገናኘቷ በፊት ነው። ካርል ኢዘንበርግ መዝገበ ቃላቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1841፣ አንትዋን ዳባዲ ደግሞ በ1881 ነበር። የኢግናዚዮ ጉይዲ ሥራ የወጣው በ1901 ነው። የነዚህ ሊቃውንት መምህራን የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋ ሰዎች ነበሩ፤ የሰበሰቡትም ቃል የቤተ ክህነቱን፣ የቤተ መንግሥቱን፣ የገበሬውንና የገበያውን ነው።

ማጂ ደግሞ ወደዚህ ታሪክ የገባችው በ1890 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መግቢያ የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረከ በኋላ፣ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦራቸውን ይዘው ከካፋ በስተደቡብ ተጕዘው እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ዛሬ ቱርካና እስከሚባለው ሐይቅ ሰሜናዊ ጫፍ ድረስ ደረሱ። ከዘመቻው ጋር የተጓዘው የሩስያ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1900 አሳትሟል። ከዚያ በኋላ ማጂ የዝሆን ጥርስ፣ የጠመንጃና የባሪያ ንግድ የሚካሄድባት የጠረፍ ከተማ ሆነች፤ የባሪያ ፍንገላውም የዲዚን አገር ክፉኛ አራቆተው። የእንግሊዝ መንግሥት በከተማዪቱ ቆንስላ አቁሞ ነበር፤ ቆንስሉ አርኖልድ ሆድሰንም ስለ አካባቢው መጻሕፍት ጽፏል።

እንግዲህ አማርኛ ወደ ማጂ የገባው በወታደርና በሹም አፍ ነው። ወታደር በመጣበት አገር ዕቃ የሚጠራው በራሱ አገር ዕቃ አምሳል ነው። ሕዝቡንም የሚጠራው ጎረቤት ባወጣለት ወይም ራሱ በለጠፈበት ስም ነው። በዚህ ዓይነት ቤንች «ጊሚራ»፣ ሜኤን «ቲሸና»፣ ኛንጋቶም «ቡሜ» ሲባሉ ኖሩ። በዚህም ላይ ቆለኛውን ሁሉ በአንድነት የሚያዋርድ የወል መጠሪያ ነበረ። ሕዝቡ በራሱ ስም ካልተጠራ ቢላዋው በራሱ ስም ሊጠራ እንደማይችል ግልጽ ነው።

በአገር ልጆች የተዘጋጁት ታላላቅ መዝገበ ቃላትም የተመሠረቱት በዚያው በቀደመው የቃል ክምችት ላይ ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፣ የተሰማ ሀብተ ሚካኤል «ከሣቴ ብርሃን» በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ታተሙ። የነዚህ አባቶች ሥራ ዛሬም መሠረታችን ነው። ግእዝንና አማርኛን አስማምተው ያኖሩልን እነርሱ ናቸውና፣ የኦሞን ቆላ ስላልጻፉ ሊወቀሱ አይገባም። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማርኛ ቋንቋ ብሔራዊ አካዳሚ ከአብዮቱ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሲሆን፣ የሥራው አድማስ ቢያንስ በስም ደረጃ ሰፋ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ግን ዲዚ፣ ሱሪ፣ ሜኤን፣ ቤንችና ኛንጋቶም ከ15ቱ ውስጥ አልነበሩም። የማጂ ሕዝቦች ቃል በጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚገባበት በር ለረጅም ጊዜ ጠባብ ሆኖ ቆየ።

4. አማርኛ ስለትን የሚሰይምበት መንገድ

አዲስ ስም ከመፈለጋችን በፊት አማርኛ ራሱ ለስለት ስም የሚያወጣበትን ልማድ እንመልከት። አንደኛው መንገድ ከግሥ የመሣሪያ ስም ማውጣት ነው። ከላጨ ምላጭ፣ ከአጨደ ማጭድ፣ ከጠረበ መጥረቢያ፣ ከከተፈ መክተፊያ ተገኝተዋል። ግእዙም እንዲሁ ጠብሐ፣ ማለት አረደ፣ ከሚለው ግሥ መጥባሕትን ያወጣል። በዚህ መንገድ የተገኘ ስም የዕቃውን ሥራ ይናገራል።

ሁለተኛው መንገድ ከጎረቤት ጋር መካፈል ነው። ቢላዋን ብንመለከት፣ ኦሮምኛ ቢላ፣ ሶማልኛ ቢላዌ ይላል። ማን ለማን አበደረ የሚለው ክርክር ለሌላ ጊዜ ይቆይና፣ የምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ ሕዝቦች ለቢላዋ አንድ ስም መጋራታቸው ግን አይካድም። ዛሬ ከማንም ይልቅ የራሳችን የሚመስለን ቃል የብዙዎች ገንዘብ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ዕቃውን ከነባለቤቱ ስም መቀበል ነው። የአፋር ሰው በወገቡ የሚታጠቀው ቆልማማ ጩቤ በአማርኛ ጽሑፍም ጊሌ ይባላል። ማንም «የአፋር ጎባጣ ጩቤ» የሚል አዲስ ስም ልፍጠር አላለም፤ ቢልም ኖሮ ቃሉ ባልኖረ ነበር።

በእነዚህ መንገዶች መካከል የአንጓ ቢላዋ የሚገኝበት ቦታ አስቸጋሪ ነው። በሥራው እንሰይመው ብንል ሥራው ብዙ ነው፤ ያርዳል፣ ይዘለዝላል፣ ይሰነጥቃል፣ ይዋጋል። በቅርጹ «ክብ ካራ» ብንለው በአንጓ መጠለቁ ይጠፋል። «አምባር» ብንለው ደግሞ በአማርኛ አምባር ጌጥ ነው። የቀድሞ ጀግኖች በክንዳቸው የሚያደርጉት ቢተዋ እንኳ የክብር ምልክት እንጂ የሚቆርጥ አልነበረም። የደጋው ሰው በአንጓው የሚያውቀው ማዕርግንና ጌጥን ነው፤ ስለትን በወገቡ፣ ጠመንጃን በትከሻው አኖረ። ስለሆነም በአማርኛ አእምሮ ውስጥ አንጓና ስለት አልተገናኙም።

5. ግሡ ከስሙ ይበልጥ ያስቸግራል

ተርጓሚ በስሙ ላይ ሲጨነቅ ግሡን ይረሳዋል። ነገር ግን እውነተኛው እንቅፋት ያለው እዚያ ላይ ነው። በአማርኛ ጎራዴ ይታጠቁታል፤ ጠመንጃ ያነግቱታል፤ ጦር ይጨብጡታል። ጠብ በመጣ ጊዜም ጎራዴ ወይም ጩቤ ከአፎቱ ይመዘዛል። «መዘዘ» የሚለው ግሥ እጅግ የከበደ ነው፤ መሣሪያ የመዘዘ ሰው ሊጐዳ አስቧል ተብሎ ይገመታል።

የአንጓ ቢላዋ ግን አይታጠቁትም፤ ያጠልቁታል። አይመዘዝም፤ ይገለጣል። በጎራዴ ዘንድ ስለቱ ከአፎቱ ይወጣል፤ በአንጓ ቢላዋ ዘንድ አፎቱ ከስለቱ ላይ ይወርዳል። ስለቱ ካለበት ከአንጓው አይንቀሳቀስም።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። አንድ አርብቶ አደር በፍርድ ቤት ቆሞ፣ በጠብ መካከል በአንጓው ባለው ብረት ሰው ማቍሰሉን በራሱ ቋንቋ ሲያስረዳ እናስብ። አስተርጓሚው ለዚህ ዕቃ የተመደበ ቃል ከሌለው ከሁለት አንዱን ይመርጣል። «በአምባሩ መታው» ቢል፣ ዳኛው ጌጥ ያደረገ ሰው በድንገት በክንዱ እንደ መታ ይረዳል። «ካራ መዞ ወጋው» ቢል፣ ተከሳሹ መሣሪያ አዘጋጅቶ፣ አስቦና መዞ እንደ ተነሣ ይረዳል። እውነቱ ግን ሦስተኛ ነው፤ ስለቱ ዘወትር ከአንጓው ያልተለየ ነበር፤ የሚጠየቀው ነገር ቆዳው ተገፎ ነበር ወይስ እንደ ተሸፈነ ነበር የሚለው ነው። ሰውየው ስለ አሳቡ የሚጠየቅበት ምልክት ያለው በቆዳው ሽፋን ላይ ነው። አማርኛው ይህን መጠየቅ ካላስቻለ፣ ሆን ብሎ በማድረግና በድንገት በማድረግ መካከል የሚለይ ሕግ የሚለይበትን ፍሬ ነገር ያጣል። አንድ የጎደለ ቃል የአንድን ሰው የእስራት ዓመታት ሊያበዛ ወይም ሊያሳንስ ይችላል።

6. የሌሎች አገሮች ልማድ

ባሕር ማዶ የሆነውን ማየት ይጠቅማል። የማላይ ደሴቶች ሕዝቦች ስለቱ እንደ እባብ የሚጥመዘመዝ፣ በክብር የሚያዝና ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ክሪስ የተባለ ጩቤ አላቸው። ወደ ደሴቶቹ የሄዱት የአውሮፓ ነጋዴዎችና ገዢዎች ዕቃውን በራሳቸው ቃል «ጠማማ ጩቤ» ሊሉት ይችሉ ነበር። ሆኖም የሆላንድም የእንግሊዝም መዝገበ ቃላት ቃሉን እንዳለ ተቀበሉ። የኢንዶኔዥያ ክሪስ እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ተብሎ ሲታወጅም የታወጀው በዚሁ ስሙ ነው። ስሙ ባይጠበቅ ኖሮ ክብሩ አብሮ መጠበቁ ያጠራጥራል።

ለእኛም የሚቀርብ ምሳሌ አለ። ሾተል የሚለው ቃላችን በአውሮፓ ስለ ጥንታዊ የጦር መሣሪያ በሚጽፉ መጻሕፍትና በቤተ መዘክሮች ዝርዝር ውስጥ ሾተል ተብሎ ይጻፋል። እንግሊዛዊው «የሐበሻ ማጭድ ሰይፍ» ብሎ በማብራሪያነት ሊጽፍ ይችላል፤ መሪ ቃሉ ግን የኛ ነው። ይህን ሲያደርጉልን ተገቢ ነው እንላለን። እንግዲያው ለእኛ ሲደረግልን ተገቢ የሆነውን ለኛንጋቶም ለማድረግ የምናመነታበት ምክንያት የለም።

7. የአሰያየም አሳብ

ከላይ ከተዘረዘረው የተነሣ የሚከተለው አሠራር ቢታሰብበት መልካም ይመስለናል።

በመጀመሪያ፣ የወል መጠሪያው «የአንጓ ቢላዋ» ቢሆን ይመረጣል። «አምባር ቢላዋ» ዕቃውን ወደ ጌጥ ያዘነብለዋል፤ «የማጂ ቢላዋ» ባለቤቱን ያሳስታል፤ ከግእዝ «መጥባሕት» ጋር አያይዞ የተከበረ ስም መፍጠርም የአርብቶ አደሩን ዕቃ ልብሰ ተክህኖ ማልበስ ይሆናል። «የአንጓ ቢላዋ» ግን ሁለቱም ክፍሎቹ በማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ዘንድ የታወቁ ናቸው፤ ዕቃው ምን እንደ ሆነና በሰውነት የት እንደሚገኝ ይናገራሉ።

ሁለተኛ፣ የወል መጠሪያው የባለቤቶቹን ስም መተካት የለበትም። አባራይት የሚለው የቱርካና ስም ራሱን ችሎ መሪ ቃል ሆኖ ቢገባና ወደ ወሉ ቢመራ፣ የኛንጋቶሙም ስም ከተናጋሪዎቹ ተጠይቆ እንደ አነጋገሩ ቢጻፍ፣ አንባቢው ከየትኛውም በር ቢገባ ዕቃውን ያገኘዋል። የጣት ቢላዋውም በዚሁ መንገድ ይስተናገዳል።

ሦስተኛ፣ ፍቺው ከግሡ ጋር መሰጠት አለበት። ለምሳሌ ያህል፦

የአንጓ ቢላዋ (ስ.) በእጅ አንጓ የሚጠለቅ፣ የውጭ ዙሪያው ስል የሆነ ክብ የብረት ቢላዋ፤ በማይሠራበት ጊዜ ስለቱ በቆዳ ይሸፈናል፤ በኦሞና በኪቢሽ በኛንጋቶም፣ በአጎራባች አገሮችም በቱርካና፣ በቶፖሳና በካራሞጆንግ አርብቶ አደሮች ዘንድ የታወቀ። ይጠለቃል፤ ይሸፈናል፤ ይገለጣል (አይታጠቁትም፤ አይመዘዝም)።

በቅንፍ ውስጥ ያሉት ሁለት ቃላት ለተርጓሚ ከፍቺው ሁሉ ይበልጥ ይጠቅሙታል።

8. ማጠቃለያ

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ሳቢያ አውቶማቲክ ጠመንጃ ወደ ኦሞ ቆላ በብዛት ከገባ ወዲህ የግጭቱ መልክ ተለወጠ፤ ሱሪዎችም በኛንጋቶም ግፊት ከኪቢሽ ሜዳ ወደ ሰሜን፣ ወደ ማጂ ደጋ ግርጌ ተጠጉ። ጦርና በትር ለጠመንጃ ቦታ ሲለቁ ሁለቱን እጅ ነጻ የሚያደርገው ስለትም ዋናውን ምክንያቱን አጣ። ዕቃው ከአንጓ ወርዶ በቤተ መዘክር መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ስሙ በደረቱ ላይ የተለጠፈች ቁራጭ ወረቀት ብቻ ትሆናለች።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. አማርኛ መዝገበ ቃላትን ሲያሳትም ሥራው በዚያ የሚያበቃ አልነበረም፤ መዝገበ ቃላት በየትውልዱ የሚታደስ ነው። የቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን ዛሬ ተከፍሏል፤ ሚዛን ተፈሪ በቤንች ሸኮ፣ ማጂም በምዕራብ ኦሞ ዞን ይገኛሉ፤ ሁለቱም በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናቸው። የአስተዳደሩ ስም እንዲህ ሲታደስ የዕቃው ስም በ1890ው የወታደር አነጋገር ላይ ቆሞ መቅረት የለበትም። አማርኛ የብዙ ሕዝቦች መገናኛ ሆኖ እንዲያገለግል ከተፈለገ፣ እያንዳንዱ ሕዝብ በአንጓው ያለውን ዕቃ በአማርኛ ሲጠራ የራሱን ዕቃ መልሶ ማወቅ ይኖርበታል።